የወንዝ ዳር ውሎ በቢስክሌት

እሑድ ለብዙዋ የከተማ ሠራተኛ እናት የዕረፍት ቀን አይደለችም። ሳምንቱን በመሥሪያ ቤት፣ በፋብሪካ፣ በሱቅ ወይም በትምህርት ቤት ስትደክም የሰነበተች ሴት እሑድ ጠዋት የሚጠብቃት የተጠራቀመ ልብስ፣ ያልተለቀመ ምስርና ያልተጋገረ ሊጥ ነው። ባልና ወንዶች ልጆች ኳስ ለማየት ወይም ከባልንጀራ ጋር ለመጫወት ሲወጡ «የት ትሄዳላችሁ?» የሚላቸው የለም፤ እሷ ግን ከደጅ ብትዘገይ ምክንያት ማቅረብ ይኖርባታል። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ገበያ ካልሆነ በቀር የከተማ እናት ከቤት የምትወጣበት የታወቀ ጉዳይ የላትም ማለት ይቻላል። ከእነዚህም ውስጥ ለራሷ ጤናና ደስታ ተብሎ የተያዘ አንድም የለም።

በዛሬው አምዳችን የምናነሣው ሐሳብ ለዚች እናትና ለሴት ልጇ ነው። ሐሳቡም በማኅበር ተሰብስቦ፣ በቢስክሌት ተነሥቶ፣ በወንዝ ዳር ውሎ መመለስ ነው። በሌሎች አገሮች የቢስክሌት ክበቦች በየሳምንቱ መጨረሻ የሚያደርጉት የተለመደ ነገር ነው። የሚወጡት ለመሽቀዳደም ሳይሆን አብሮ ለመዋል ስለሆነ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቃል፤ ምሳ ከወንዝ ዳር ይበላል፤ ሳይመሽ ወደየቤት ይገባል። እኛም ይህንን ልማድ ወደ ምዕራብ ጎጃም፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ገጠር አምጥተን እንየው። ነገሩ ተራ ሽርሽር ቢመስልም በውስጡ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሴት ልጅ በገዛ አገሯ መንገድ ላይ ሳትፈራና ሳታፍር ለመሄድ የሚያስፈልጋት ምንድን ነው?

ብቻዋን ስትሆንና አብረው ሲሆኑ

በአንድ አነስተኛ ከተማ አንዲት ሴት ብቻዋን ቢስክሌት ላይ ብትወጣ ምን እንደሚገጥማት ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ሕፃናት እየጮኹ ይከተሏታል፤ ጎረምሶች ከባጃጅ መቆሚያው ላይ ሆነው ይተርቧታል፤ የሰፈር ሰው ለአባቷ ወይም ለባሏ ወሬ ያደርሳል። ጉልበትና ፍላጎት ሳይጎድላት፣ ባልንጀራ በማጣት ብቻ በማግስቱ ቢስክሌቱን ለወንድሟ ትሰጣለች።

አሥር ሴቶች ተሰልፈው ቢወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል፤ በሁለተኛው ይወራባቸዋል፤ በሦስተኛው «የእገሊት ልጅም አለችበት» ይባላል፤ በአራተኛው መንገዱ ይለምዳቸዋል። ከዚያ በኋላ አንዷ ብቻዋን ወደ ገበያ ወይም ወደ ሥራ በቢስክሌት ብትሄድ ዘወር ብሎ የሚያያት አይኖርም። እንግዲህ የአሥሩ የእሑድ ሽርሽር ለአንዷ የሰኞ መንገድ ይከፍታል ማለት ነው።

ይህ ነገር ከግምት ያለፈ ማስረጃ አለው። በሕንድ አገር ቢሃር በተባለው ክፍለ ግዛት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ፣ ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች መንግሥት የቢስክሌት መግዣ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ኒሺት ፕራካሽ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ውጤቱን አጥንተው በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ በዕድሜያቸው ልክ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ልጃገረዶች ቁጥር በ32 በመቶ ጨምሯል፤ በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረውም ልዩነት በ40 በመቶ ጠብቧል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤት በራቃቸው መንደሮች ነው። ተመራማሪዎቹ ካነሡት ነጥብ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሌላው ነው። ልጃገረዶቹ ቢስክሌት ያገኙት በአንድ ጊዜ ስለሆነ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በቡድን ሆነ፤ አብሮ መሄዱ ለደኅንነታቸው ዋስትና ሆናቸው፤ «ሴት ልጅ ከመንደር አትራቅ» የሚለውም ልማድ እየላላ ሄደ። አንዲት ልጅ ብቻዋን የማትሽረውን ልማድ ብዙ ልጆች አብረው በመሄድ ብቻ አላሉት።

ለአገሩ እንግዳ ያልሆነ ልማድ

ተሰብስቦ መሥራትና ተሰብስቦ መዋል ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እርሻው በወንፈልና በደቦ ይታረሳል፤ ኀዘኑ በዕድር ይቻላል፤ ገንዘቡ በዕቁብ ይጠራቀማል፤ ማኅበርና ሰንበቴም ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኛሉ። ተሰብስቦ መጋለብም ቢሆን የቆየ ወግ ነው። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእንጅባራና በመላው አዊ የሚታወቀው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓድዋን ድልና ፈረሶች በዚያ ጦርነት የሠሩትን ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በሺህ የሚቆጠር ፈረስ በአንድ ሜዳ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው፣ አንድ የቢስክሌት ክበብ ሃያ ሆኖ በመንገድ ዳር ቢያልፍ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም።

ቢስክሌትንም ቢሆን የጎጃም ሰው ከወሬ ይልቅ በእጁ ያውቀዋል። የባሕር ዳር ከተማ ሜዳማ በመሆኗ ቢስክሌት የተማሪውና የሠራተኛው መጓጓዣ ሆኖ የኖረባት ከተማ ናት። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ተነሥቶ እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ድረስ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለወንዝ ዳር የቢስክሌት ጉዞ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ከመኪናው መንገድ ጋር የእግረኛና የቢስክሌት መተላለፊያ ተሠርቶለታል። በአዲስ አበባም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው እንቅስቃሴ በተወሰኑ እሑዶች መንገዶችን ከመኪና ነጻ በማድረግ ልጆችና ሴቶች በአስፋልቱ መካከል ቢስክሌት እንዲነዱ ዕድል ሰጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2018፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ጁን 3 ቀንን፣ ማለትም ግንቦት 26ን፣ የዓለም የቢስክሌት ቀን ብሎ ሰይሟል።

ከሜልቦርን እስከ ቶኪዮ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ እንደ ነበረ ይታወቃል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞችም እንደ ነበሩ ነው። ገረመው ደንቦባ በዚያ የመንገድ ላይ ውድድር 24ኛ ሆኖ ሲፈጽም፣ ቡድኑም 9ኛ ደረጃ አግኝቶ ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ ሴት አልነበረችም፤ ልትኖርም አትችልም ነበር፤ ምክንያቱም በኦሊምፒክ የሴቶች የቢስክሌት ውድድር የተፈቀደው ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። ኢትዮጵያዊቷ ሰላም አምሃ በቶኪዮው ኦሊምፒክ በሴቶች የመንገድ ላይ ውድድር የተሰለፈችው በ2021፣ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ነው። በወንዶቹ ኦሊምፒክና በሴቷ ኦሊምፒክ መካከል 65 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ሁሉም ሴት ለውድድር ትዘጋጅ ለማለት አይደለም። መንገዱ ረጅም የሆነው ሴቶች ደካሞች ስለ ሆኑ ሳይሆን በሩ ዘግይቶ ስለ ተከፈተላቸው መሆኑን ለማሳሰብ ነው። የምዕራብ ጎጃም ልጃገረድም በሩ እስኪከፈትላት ሌላ 65 ዓመት መጠበቅ የለባትም።

ስለሚወራው ነገር

ሴት ልጅ ቢስክሌት ልንዳ ስትል እናት ከምትሰጋባቸው ነገሮች ዋናው በግልጽ የማይነገረው ነው። «ክብሯን ታጣለች»፣ «ማሕፀኗ ይጎዳል»፣ «ነገ ስታገባ ምን ይባላል?» የሚለው ሐሜት በየጓዳው አለ። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገርበት።

የድንግልና ምልክት ነው የሚባለው ስስ ሽፋን ከልጅ ልጅ በተፈጥሮው የሚለያይ በመሆኑ፣ ስለ አንዲት ልጅ ጠባይና ታሪክ የሚመሰክረው ነገር የለም። በዚህም ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤትና የሴቶች ድርጅቱ በኦክቶበር 2018 ባወጡት የጋራ መግለጫ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው መሆኑን አስታውቀው በየትም አገር እንዲቀር ጠይቀዋል። ቢስክሌት መንዳትም ሴትን መካን አያደርግም። እንዲያውም የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ ይመክራል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለምትሠራ ጸሐፊ ወይም በአንድ ቦታ ቆማ ለምትውል የፋብሪካ ሠራተኛ የአንድ እሑድ ጉዞ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይሸፍንላታል።

እውነተኛው ጥንቃቄ ሌላ ቦታ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ሚዛኗ ስለሚለዋወጥ የመውደቅ አደጋ አለባት፤ ስለዚህ ሐኪሟን ወይም አዋላጅ ነርሷን ሳታማክር አትውጣ። የወለደችም ሰውነቷ እስኪጠና ትታገሥ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለባትም እንደዚሁ አስቀድማ ትመርመር።

ሐሜቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በአውሮፓና በአሜሪካም በ1890ዎቹ ዓመታት ሴቶች ቢስክሌት መንዳት ሲጀምሩ፣ አንዳንድ ሐኪሞች ሳይቀሩ «ፊታቸው ተበላሽቶ ይቀራል» እያሉ ያስፈራሯቸው ነበር። ያም ሆኖ አኒ ሎንደንደሪ የተባለች የልጆች እናት በ1894 ከቦስተን ተነሥታ ቢስክሌት ይዛ በዓለም ዙሪያ ተጉዛ በማግስቱ ዓመት ተመልሳለች። ሴቶቹ መንዳታቸውን ስላላቆሙ ማስፈራሪያው ዛሬ መሳቂያ ሆኗል።

መንገዱና ወንዞቹ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ምዕራብ ጎጃምን የሚያውቃት በወንዞቿ ነው። ደምበጫ ላይ ተምጫን፣ ጅጋ አካባቢ ብርን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ላህን፣ ወደ ጥሊሊ ሲቀርብ ደግሞ ፈጠምን ያገኛል። ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። በወንዞቹ መካከል ያለው አገር በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚበቅልበት፣ በርበሬውም ስም ያለው ለም መሬት ነው። በመኪና መስኮት ሲያዩት በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ በቢስክሌት ሲሄዱበት ግን የበርበሬው ሽታ፣ የወፍጮው ድምፅና የእረኛው ሰላምታ ሳይቀር ይደርሳል።

ለአዲስ ክበብ የሚስማማው የመጀመሪያ ጉዞ ከፍኖተ ሰላም ከተማ ተነሥቶ ወደ ላህ ወንዝ ወርዶ መመለስ ነው። አጭር ነው፤ የደከማት እናት ቢስክሌቷን እየገፋች እንኳ ልትመለስ ትችላለች። ሁለት ሦስት ወር ከተለማመዱ በኋላ ረዘም ያለው ጉዞ ወደ ቡሬ ይሆናል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ማንኩሳ አለች፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ በስም የሚያውቃት ቦታ ስለ ሆነች፣ ለማረፊያም ለጨዋታም ትመቻለች። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በጠቅላላው ሲሄዱ ዳገቱ፣ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ይበዛል። ይህም መልካም ነው፤ ጉልበት ባለበት በጠዋቱ ዳገቱን ጨርሶ፣ ድካም ሲመጣ መንገዱ ራሱ ያግዛል።

ጀማሪ ቡድን በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በቂ ነው። ስለዚህ ቡሬ ለመድረስ ዕረፍቱን ሳይጨምር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ደርሶ መልስ ስለሚከብድ ብዙዎቹ ከመንገዱ ግማሽ ላይ ምሳ በልተው ቢመለሱ የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ወቅቱን በሚመለከት ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። በክረምት ወንዞቹ ስለሚሞሉ ወደ ዳር መጠጋቱ አደገኛ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የቀኑ ፀሐይ ይበረታል።

የጉዞ ዝግጅት

ቢስክሌት ውድ ዕቃ ነው፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መግዛት አይቻልም። ነገር ግን ዕቁብ ለማሰሮና ለአልጋ ልብስ ሲጣል እንደ ኖረ ለቢስክሌትም ሊጣል ይችላል። አምስት ቢስክሌት ያላት ክበብ በሁለት ፈረቃ አሥር ሴቶችን ታሠለጥናለች። ለጀማሪዋ የሚስማማት መካከለኛው ጋድም ብረት ዝቅ ያለው ቢስክሌት ነው፤ በቀሚስ ለመውጣትም ለመውረድም አያስቸግርም። መቀመጫው ላይ ሆና የእግሯ ጣት መሬት መንካት አለበት።

ከመነሣት በፊት በዋዜማው አራት ነገሮች ይመርመሩ። የፊትና የኋላ ፍሬን በሚገባ መያዙ፣ ጎማው በቂ ነፋስ መያዙ፣ ካቴናው ዘይት መቀባቱና አለመላላቱ፣ ቸርኬውም ሲሽከረከር አለመወላገዱ። የግራር እሾህ በበዛበት አገር ጎማ መተንፈሱ ስለማይቀር መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ፖምፓ ለቡድኑ በሙሉ አንድ አንድ ቢያዝ ይበቃል። ጎሚስታ ፍለጋ ከመንከራተት፣ ከክበቡ ሁለት ሴቶች ካላማዳሪያ መለጠፍ አስቀድመው ቢማሩ ይሻላል። ይህ ሙያ ለወንድ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እንጀራ ሳይቀደድ ከምጣድ የምታወጣ እጅ ላስቲክ መለጠፍ አያቅታትም።

ልብስን በሚመለከት ሱሪ ከቀሚስ በታች መልበስ ለሥራውም ለጨዋነቱም ይመቻል። የነጠላ ጫፍና የቀሚስ ዘርፍ በቸርኬና በካቴና እንዳይያዝ ነጠላው በወገብ ላይ ይታጠቅ። የራስ መከላከያ ቆብ የተገኘ እንደ ሆነ ለሁሉም፣ ካልተገኘ ግን በቅድሚያ ለልጆች ይሰጥ።

በአስፋልት ላይ ሲሄዱ ሁልጊዜ በቀኝ ጠርዝ፣ አንዷ ከአንዷ ኋላ ተሰልፎ፣ በመካከል የሁለት ሦስት ቢስክሌት ርቀት እየተዉ መሄድ ግዴታ ነው። ጎን ለጎን ሆኖ መጫወት ጥርጊያ መንገድ ላይ እንጂ አይሱዙና ከባድ መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ አይደለም። መንገዱን የምታውቅ አንዲት ከፊት፣ ጠንካራዋ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ትሁን። የኋለኛዋን ማንም አይቅደም፤ ማንም ከእርሷ ኋላ አይቅር። የቡድኑ ፍጥነት የመጨረሻዋ ሴት ፍጥነት ነው። ይህ ደንብ ካልተከበረ ክበቡ በሁለተኛው ሳምንት ይበተናል፤ ደክማ ብቻዋን የቀረች እናት ዳግመኛ አትመጣምና።

ስንቅ ከቤት ነው። በሶ ለመንገደኛ የታወቀ ምግብ ነው፤ ቶሎ ጉልበት ይሰጣል፤ አይበላሽም፤ ለመያዝም ቀላል ነው። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ቢጨመር ምሳው ሞላ ማለት ነው። ለእያንዳንዷ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል የተፈላ ወይም የታከመ ውኃ መያዝ አለበት። የወንዝ ውኃ የቱንም ያህል ኩል ቢመስል አይጠጣ።

ወንዝ ዳር ሲደርሱ ልጆችን በተለይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከመስጠም አደጋ ሌላ፣ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በጣና ዙሪያና በጎጃም የወንዝና የመስኖ ውኃዎች ውስጥ የታወቀ ነው። የበሽታው ትል ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ረጋ ባለ ውኃ ውስጥ ስለሚገኝ በቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ባዶ እግር ወደ ረጋው ውኃ አለመግባት ነው። ሳያውቅ የገባ ልጅ በኋላ የሆድ ሕመም ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ቢታይበት በጤና ጣቢያ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው። ቆላማው የወንዝ ዳር የወባ አገርም ስለ ሆነ ከምሽት በፊት መመለስ ይገባል፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነውና።

የሰላም መንገድ

ስለ ምዕራብ ጎጃም መንገድ እየጻፉ ስለ ሰላም አለመጻፍ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት የአካባቢው ሕዝብ፣ ከሕዝቡም ሴቶችና ሕፃናት፣ ብዙ መከራ አይተዋል። በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ መጓጓዣ በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ለሐኪም ቤት የተነሣች ወላድ መንገድ ላይ በምትቀርበት ጊዜ ስለ ሽርሽር ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

እኛ ግን እንዲህ እናየዋለን። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ማለትም የሰላም መንገድ፣ የሚል ስም ወጥቶላታል። የአንድ መንገድ ሰላም ደግሞ መለኪያው ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሴቶችና ልጆች ያለ ጠባቂ ወጥተው መግባታቸው ነው። እናቶች ምሳቸውን ይዘው በወንዝ ዳር መዋል የቻሉበት ቀን፣ በዚያ አገር ሰላም ለመስፈኑ ሌላ ምስክር አያሻም።

እስከዚያው መንገዱ ላልተረጋገጠ ጉዞ ማንም ሴት ልጆቿን ይዛ አትውጣ። ከከተማ የሚያርቀው ጉዞ ይቆይ፤ የአገሬው ሰው የዕለቱን ሁኔታ ጠይቆ «ሂዱ» ሲል ብቻ ይደረግ። ልምምዱ ግን በትምህርት ቤት ሜዳ ወይም በከተማው ውስጥ በተከለለ ቦታ ዛሬ ሊጀመር ይችላል። ሚዛን መጠበቅን፣ ፍሬን መያዝን፣ ተሰልፎ መሄድን የተማረች ሴት መንገዱ ሰላም ሲሆን ዝግጁ ሆና ትገኛለች።

ጓዳውን ማን ይይዛል?

አንድ ነገር ይቀራል። እናት ለአንድ እሑድ ወጥታ ብትውል ሕፃኑን ማን ይይዛል? ወጡን ማን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ከላይ የጻፍነው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

መልሱ ባል ነው። እሷ ሃምሳ ሁለቱን እሑድ ስትይዘው የኖረችውን ጓዳ እሱ በወር አንዲቱን እሑድ ቢይዝ ቤቱ አይፈርስም። ልጆች አባታቸው ሲያበስል ማየታቸው ራሱ ትምህርት ነው። ባል በሌለበት ወይም በሥራ በማይገኝበት ቤት ደግሞ እናቶቹ በፈረቃ ይረዳዱ፤ በዚህ እሑድ አምስቱ ሲወጡ አምስቱ የሁሉንም ሕፃናት ይጠብቁ፤ በሚቀጥለው ይለዋወጡ። ለለቅሶና ለሠርግ እንደዚህ ስንረዳዳ ኖረናል። ለጤናችንና ለደስታችን እንረዳዳ ብንል ነውር የለበትም።

ሴት ልጆችንም በዚህ ጉዞ ይዞ መውጣት አይረሳ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቷ ከሌሎች እናቶች ጋር ተሰልፋ ስትነዳ ካየች፣ ነገ ትምህርት ቤት አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ቢርቃት «እንዴት እሄዳለሁ?» ብላ አትቀርም። ጎረቤቷን ትጠራለች፤ ሁለት ይሆናሉ፤ ከዚያም አራት። እናት ለልጇ ልታስተምራት ከምትችለው ሁሉ መንገድ ላይ ያለ ፍርሃት መሄድ ትንሹ አይደለም።

ስለዚህ፣ ውድ እኅቶች፣ በመሥሪያ ቤታችሁም ሆነ በሰፈራችሁ የምትቀርባችሁን አንዲት ባልንጀራ በዚህ ሳምንት አነጋግሩ። ሁለት ከሆናችሁ ሦስተኛ ትገኛለች። ሦስት ከሆናችሁ ዕቁቡን ጀምሩ፤ ቢስክሌቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።